የአባ ኮዳ ፎቶ የት ላይ ይከርከም?

የዱር ወፎችን በቅርብ ማንሣት መማር ለሚፈልግ ሰው የሐዋሳው አሞራ ገደል እጅግ አመቺ ቦታ ነው። በዓሣ ገበያው ዙሪያ የሚውሉት አባ ኮዳዎች (ማራቡ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች) ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን የዓሣ ሆድ ዕቃና ጭንቅላት ስለለመዱ ከሰው ብዙም አይሸሹም፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ ረጅምና ውድ ሌንስ የሚጠይቀውን የቅርብ ምስል እዚህ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ማግኘት ይቻላል። የርቀቱ ችግር ሲቃለል ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ የሚችለውን ይህን ወፍ ከየት እስከ የት እናስገባው?

እኔ ሲነሣ ሰፋ አድርጎ መያዝን፣ ኋላ ላይ ደግሞ ሳይሳሱ መከርከምን፣ ማለትም የምስሉን ጠርዝ ቆርጦ ማስቀረትን፣ እመርጣለሁ። ወፍ አንገቱን በድንገት ያዞራል፣ ክንፉን ሳይታሰብ ይዘረጋል፤ ፍሬሙ ከመጀመሪያው በአካሉ ከተሞላ የክንፉ ወይም የምንቃሩ ጫፍ ከውጭ ይቀራል፣ ካሜራው ያልያዘውን ላባ ደግሞ በኋላ በሐቅ መመለስ አይቻልም። በምንከረክምበት ጊዜም ቆራጥ መሆን ይገባል። የእግሩን ጣቶች ብቻ ያስቀረ ፍሬም የቸልተኝነት ውጤት ይመስላል፤ ከደረቱ ላይ የተቆረጠ ግን ታስቦበት የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። በአባ ኮዳ ላይ ራሰ በራውን ጭንቅላትና ከአንገቱ ሥር የሚንጠለጠለውን ከረጢት ሙሉ በሙሉ አስገብቶ ከዚያ በታች መቁረጥ ጥሩ ነው፤ ከረጢቱን እኩሌታው ላይ መቁረጥ ግን ምስሉን ያበላሻል።

ወፉ በሚመለከትበት አቅጣጫ ሰፋ ያለ ቦታ ይተው የሚለው የተለመደ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ይሁን እንጂ አባ ኮዳ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ የጀርባውን ላባ ሲያበጥር ምንቃሩና ደረቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሆኑ ምክሩ ብዙም አይረዳም። እንዲህ ላለው አቋም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ፍሬም የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ዐይኑ መሃል አካባቢ ቢያርፍም አይከፋም።

የመከርከም ወሰን የሚታወቀው በሒሳብ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ምስሉን በ6000 በ4000 ፒክስል ይይዛል፤ ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ብንቀንስ የሚቀረው 3000 በ2000፣ ማለትም 6 ሜጋፒክስል ነው። ይህ ለስልክ ይተርፋል፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ግን 25 በ17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። ከፒክስሉ ማነስ ይልቅ የሚያሳስበው ግን መከርከም የእጅ መንቀጥቀጥንና የፎከስ መዛነፍን አጉልቶ ማሳየቱ ነው። በሐይቁ ዳር ባለው ፊላ ላይ የምታርፈው፣ ርዝመቷ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነችው ባለ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለም ዓሣ አጥማጅ ወፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ እርሷን በግድ ለማቅረብ ከመከርከም ፊላውን አብሮ ማስገባት የተሻለ ነው።

መከርከም ፈጽሞ የማይለውጠው ነገርም አለ፤ ካሜራው የነበረበት ከፍታ ነው። ፎቶ አንሺው ቆሞ ወደ ታች ያነሣው ወፍ ከኋላው የሚታየው ጭቃና የዓሣ ቅርፊት ነው፣ ምንም ያህል ቢከረከም ይኸው ነው። ተንበርክኮ ሌንሱን ከወፉ ዐይን ጋር ያስተካከለ ሰው ግን ከወፉ ጀርባ የራቀውን ሐይቅ ያገኛል፤ ርቀቱም ውሃውን አደብዝዞ ላባው ጎልቶ እንዲወጣ ያደርጋል።

በስሜን ተራሮች ጨነቅ አካባቢ የሚገኘው ባለ ወፍራም ምንቃሩ ቁራ የሚፈትነው በሌላ መንገድ ነው። በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ)፣ ከ5 ሜትር ርቀት ሲነሣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ፊት ለፊት ሲያየን ዐይኑ ቢጠራም የምንቃሩ ጫፍ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከጎኑ ማንሣት ይመረጣል። ሲከረከምም ከማጅራቱ ላይ ያለው ነጭ ምልክት መውጣት የለበትም፤ እርሱ ከሌለ የጭንቅላቱ ቅርጽ በጥቁሩ ላባ ውስጥ ይጠፋል። ያ ነጭ በጠራራ ፀሐይ በቀላሉ ከመጠን በላይ ነጥቶ የላባው ዝርዝር ስለሚጠፋ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሶ ማንሣት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ያከራክረኛል። አባ ኮዳን እስከ አንገቱ ስንከረክመው ገበያው፣ ፌስታሉና ሰዎቹ ከምስሉ ይወጣሉ፤ ተመልካቹም ወፉ ሰው ባልደረሰበት ረግረግ የተነሣ ይመስለዋል። ውሸት ነው ባልልም ሙሉ እውነት አይደለም። ስለዚህ የቅርብ ምስሎቹን ሳወጣ ጀልባውና መረቡ የሚታዩበትን አንድ ያልተከረከመ ፎቶ አብሬ አስቀምጣለሁ፤ ቦታውንም ከሥሩ እጽፋለሁ።