9,000 ብር የጎደለበት ረቡዕ

ባንክ ቤት መስኮት ላይ የሚሠራ ሰው በሩ ስለተዘጋ ቀኑ አያልቅለትም፤ ሒሳቡ መግጠም አለበት። ጥቅምት ውስጥ አንድ ረቡዕ ማታ፣ አዲስ አበባ ባለ አንድ ቅርንጫፍ፣ የሦስተኛው መስኮት ካሸር ቆጥሮ ቆጥሮ 9,000 ብር ጎደለው። መጀመሪያ የመቁጠሪያ ማሽኑን ጠረጠረ። እስሮቹን ፈትቶ በእጁ ቆጠረ። መሳቢያውን መዝዞ ከሥሩ አየ። የለም። የጎደለ ገንዘብ ከካሸሩ ኪስ ነው የሚተካው፤ ፊቱ አመድ መስሎ ቢቀመጥ የሚፈርድበት አልነበረም።

ዋና ካሸሯ መጥተው አጠገቡ ቆሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ለ9 ይካፈላል?»

ይህ የድሮ የሒሳብ ሠራተኞች ብልሃት ነው። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ያለ ቀሪ ለ9 ይካፈላል። 27ን 72 ብሎ የጻፈ 45 ይሳሳታል፣ 18ን 81 ያለ ደግሞ 63። 9,000 ለ9 ሲካፈል 1,000 ይመጣል፤ ስለዚህ የተለዋወጡት የአሥር ሺውና የሺው ቤት አኃዞች ናቸው፣ በመካከላቸው ያለውም ልዩነት 1 ነው። 12 እና 21፣ 34 እና 43፣ 45 እና 54 ዓይነት። የቀኑን ወረቀት በሙሉ ማገላበጥ ቀረና እንደዚህ ያለ ቁጥር የያዙት ጥቂት የወጪ ቫውቸሮች ብቻ ተለዩ።

አራተኛው ላይ ተገኘ። ፊቱ 45,000 ይላል። ጀርባው ላይ ካሸሩ ራሱ የጻፈው የብር ዝርዝር ደግሞ ባለ 200 ብር ሁለት እስር፣ ማለትም 40,000፣ ከዚያ በላይ 70 ነጠላ ኖት ይላል። መሆን የነበረበት 25 ነጠላ ነው። ሰውየው 54,000 ብር ተቀብሎ ሄዷል። ሰዓቱ ከቀኑ 8፡40። ደንበኛው ነጋዴ ነበር፤ ሲደወልለት ገንዘቡን ገና እንዳልቆጠረው ተናገረ፣ ማግስቱን ጠዋት በር ሲከፈት 9,000 ብሩን ይዞ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም።

ዋና ካሸሯ ግን ያንኑ ረቡዕ ማታ፣ ቫውቸሩ ተገኘ ብለው አላበቁም። «ዛሬ ምን በላህ?» አሉት።

«ጾም ነው እኮ እትዬ። ከ9 ሰዓት በኋላ ትንሽ ሽሮ ቀምሻለሁ።»

«ጠዋትስ ሮጠሃል?»

ሮጧል። ቅርንጫፉ በሙሉ ያውቃል፤ ለታላቁ ሩጫ ቲሸርት ከገዙት ስድስት ሠራተኞች ውስጥ እንደ ምር የያዘው እሱ ብቻ ነበር። ዋና ካሸሯ ደግሞ በወጣትነታቸው ክለብ ገብተው መካከለኛ ርቀት ሮጠዋል፤ ስለዚህ «ማስታወሻህን አምጣ» ሲሉት አላንገራገረም።

ማስታወሻው እንደ ሌጀር የተሰመረ ነው። እሑድ 14 ኪሎ ሜትር በአስፋልት፣ የመጨረሻው 4 ከጓደኞች ጋር እሽቅድድም። ሰኞ 6። ማክሰኞ ከሥራ መልስ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ዳርና ዳር እየተመላለሰ 8 ጊዜ ባለ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ፣ ከማሟሟቂያና ማቀዝቀዣው ጋር 8 ኪሎ ሜትር። ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 9 ኪሎ ሜትር፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። ድምሩ በአራት ቀን 37። ከዚያ በፊት የነበሩት ሦስት ሳምንታት ደግሞ ሙሉ ሳምንታቸው 22፣ 24 እና 25 ነው።

የሚያስገርመው ርቀቱ ብቻ አይደለም። ሰውየው 10 ኪሎ ሜትርን በ62 ደቂቃ ለመጨረስ ነው የተነሣው፤ ይህም ለአንድ ኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ማለት ነው። ረቡዕ ጠዋት፣ ዕቅዱ «ቀላል 6 ኪሎ ሜትር» በሚልበት ቀን፣ በጾም ሆዱ ከውድድር ፍጥነቱ በላይ ሮጧል፤ ያውም 3 ኪሎ ሜትር ጨምሮ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አብሮት የወጣው የቅርንጫፉ ጥበቃ ነው። ልጁ 22 ዓመቱ ነው፣ ያደገው ሩቅ ትምህርት ቤት በእግሩ እየተመላለሰ ነው፤ ለሱ 6፡05 ሶምሶማ ነው። ለ37 ዓመቱ ካሸር ፈተና ነው። ቀላል ሩጫን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ጓደኛ ነው።

ሌላው ተጠያቂ ስልኩ ላይ የጫነው ዕቅድ ነው። እንዲህ ያሉ ዕቅዶች ፍጥነት የሚያወጡት ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት፣ ከሱም ጋር በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን፣ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰውም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ሰውነቱ ለምዶት አያዞረውም እንጂ ሰዓቱ ይዘገያል። በዚህ ሰው ደረጃ በኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 25 ሰከንድ መጨመር ተገቢ ነው። ስልኩ ሰዓታችንንም አያውቅም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ካሸሩ የጠዋቱን ማንቂያ 12፡00 ብሎ ሞልቶት እኩለ ቀን ላይ በሰልፍ መሐል «የሩጫ ሰዓት!» እያለ ጮኾበታል።

እሺ፣ ግን ሩጫው ከ45 እና 54 ጋር ምን አገናኘው? ሌሊት ስንተኛ ለአንጎል ስኳር የሚያቀርበው ጉበት ነው፤ ጠዋት ላይ ያ ክምችት ራሱ ተመናምኖ ነው የምንነሣው። በዚያ ላይ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጠንካራ ሩጫ ሲጨመር፣ ማክሰኞ ማታ የባከነው ከጡንቻው ገና ሳይተካ፣ ከዚያም እስከ 9 ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀመስ ሰባት ሰዓት መስኮት ላይ ሲቆይ፣ 8፡40 ላይ ዓይን ያየውን እጅ አዙሮ ቢጽፍ አይገርምም። ማስታወሻው ዳር ላይ የተጻፈች ሌላ ቁጥርም ነበረች፦ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርድ የለካው የልብ ምት። እሑድ 57፣ ሰኞ 60፣ ማክሰኞ 62፣ ረቡዕ 68። እየመዘገበ አላነበበውም። ጠዋት ጠዋት ምቱ ከተለመደው በ8 ወይም በ10 ካለፈ የዚያ ቀን ሩጫ መቅረት ወይም በእግር ጉዞ መተካት አለበት። የእጅ ሰዓት ባይኖር እንኳ አንገት ላይ ሁለት ጣት አሳርፎ 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ይበቃል። የእጅ ሰዓቱማ በብርድ ጠዋት፣ ማሰሪያው ከላላ፣ የልቡን ትቶ የእርምጃውን ብዛት ሲቆጥር ይገኛል፤ ቀስ ብለው እየሮጡ 170 ካሳየ መጀመሪያ ማሰሪያውን ጠበቅ ማድረግ ነው።

ዋና ካሸሯ እዚያው ቫውቸር ጀርባ ላይ አዲስ ሳምንት ጻፉለት። ሰኞ ዕረፍት። ማክሰኞ 11፡30 ላይ 12 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ 6 ጊዜ ባለ 2 ደቂቃ ፈጣን ከ2 ደቂቃ ሶምሶማ ጋር፣ ከዚያ ማቀዝቀዣ፤ በጠቅላላው 6 ኪሎ ሜትር። ረቡዕ ምንም። ሐሙስ 5 ቀላል። ዓርብ ምንም። ቅዳሜ 4 ቀላል፣ መጨረሻው ላይ ለ20 ሰከንድ 5 ጊዜ ፈታ ብሎ መፍጠን። እሑድ 9 በዝግታ። ድምር 24፤ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ወደነበረው መጠን መመለስ ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ ባዶ የሆኑት ለጽድቅ ብቻ አይደለም። በባዶ ሆድ የሚውል ሰው ከባዱን ልምምድ ማክሰኞ ማታ ጨርሶ ወዲያው መብላት አለበት፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በማር በጥብጦ ቤት እንደገባ፣ እራት በደንብ፣ ሊተኛ ሲል ሁለት ብርጭቆ ውኃ። ሮጦ የደከመው ጡንቻ ስኳርን በደንብ የሚቀበለው ከሩጫው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ነው። ያ ሰዓት ጾም ውስጥ ከገባ ባከነ።

«ቀላል» የሚለው ቃል ነው ብዙ የሚያከራክረው። ለዚህ ካሸር በኪሎ ሜትር ከ7፡15 እስከ 7፡45 ነው፤ ሲሰማ አፈረ። ሰዓት ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ መለኪያ አለ፦ እየሮጡ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ድምፅ አውጥቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማለት፣ ሙስሊም ከሆነ ፋቲሓን። ሐረግ መሐል ላይ ትንፋሽ ካጠረ ፍጥነቱ ልክ አይደለም። የሚያፍር ሰው ደግሞ አንድ ጠዋት እንጦጦ ጫካ ሄዶ የክለብ አትሌቶችን ይመልከት። ቱታ ለብሰው፣ አንዱ መንገድ እየመራ፣ ሌሎቹ የፊተኛውን ተረከዝ እያዩ በባሕር ዛፎቹ መሐል ዚግዛግ ሲሠሩ፣ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ፈጥኖ የሚራመድ ሰው ይቀድማቸዋል። ዓለም የሚያውቀው ፍጥነታቸው የሚወጣው በሌላ ቀን፣ አስፋልት ወይም ኮሮኮንች ላይ ነው። የኛ ሰው የሚያየው ያንን ቀን ብቻ ስለሆነ በየቀኑ እሱን ሊደግም ይነሣል። እንጦጦ 3,000 ሜትር ገደማ መሆኑንም አይርሱ፤ እዚያ ሰዓት አይታይም፣ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ።

ሐሙስን ከተማ ውስጥ ለሚሮጥ ሰው መንገዱ ራሱ ሥራ አለው። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ጠዋት ለሩጫ ምቹ ናቸው፤ ዝናብ ሲነካቸው ግን ንጣፉ ያንሸራትታል፣ ኩርባ ላይ እርምጃ ማሳጠር ነው። የድሮው ሰፈር ውስጥ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ አለ፤ ጎሕ ሳይቀድ የማያውቁት መንገድ አይሞከርም። አስፋልት ዳር ዳሩን የሚሮጥ ሰው መንገዱ ወደ ጠርዙ ስለሚያዘነብል አንድ እግሩ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ የአንድ ጉልበቱ ውጫዊ ጎን ብቻ የሚያመው ሰው በየትኛው ዳር እንደሚመላለስ ይጠየቅ። ውሻ ሲመጣ መሮጥ ማቆም፣ ፊትን አዙሮ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሣት መምሰል፤ ይህን ማንም ሐበሻ ከእናቱ ተምሮታል፣ የጆሮ ማዳመጫ የሰካ ግን ውሻውን ሳይሰማ ይነከሳል። ከ1 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሚኒባሶቹ ጭሳቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ያኔ ቤት መግባት ይሻላል።

ስለ ጫማም አንድ ነገር። ካሸሩ የሚሮጥበት ከሰልባጅ የገዛው ነበር፣ ውጭው አዲስ የሚመስል። ሰልባጅ ጫማ የሚታየው ከሥር ነው፦ የሶሉን ጎማ ሳይሆን ከሱ በላይ ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣት መጫን። ጣት ካልገባለት፣ ወይም ጎኑ ላይ ደቃቅ ሽብሽብ ካለው፣ ስፖንጁ ሞቷል፤ ቢታጠብም አይነሣም። ከፊት በረጅሙ ጣትና በጫማው አፍንጫ መካከል የአውራ ጣት ስፋት ይተርፍ፤ እግር ሲሮጡ ያብጣል፣ ቀኑን ሲቆሙ ውለው ማታ ሲለኩት ደግሞ ትክክለኛው ቁጥር ይታወቃል። የባንክ ሠራተኛ በዚህ ዕድለኛ ነው።

ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ ይካሄዳል፤ ያስጀመረው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ተሳታፊው በአሥር ሺዎች ስለሚቆጠር የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ሩጫ አይባልም፣ የጥምቀት ግፊያ ነው። ጀማሪ ሰው እዚህ ቦታ ላይ በሰው መሐል ቀኝና ግራ እየሰነጠቀ ጉልበቱን ይጨርሳል። ካሸሩ የተነገረው እጁን አጥፎ እንዲቆይ ነበር፤ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ፈጀበት። ቀሪዎቹን 9 በአማካይ በ6፡11 ሄዶ በ63 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገባ። ጥበቃው ልጅ ከሱ 12 ደቂቃ ቀድሞ ጨርሶ ቆሎ ሲበላ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወደ ካዝና የሚወስደውን ደረጃ ግድግዳ ይዞ በጎኑ ወረደ፤ ቁልቁለት የሮጠ ጭን ማግስቱን ደረጃ አይወድም። ማታ ሒሳቡ በመጀመሪያው ቆጠራ ገጠመ።