የፋሲካ መልእክት ከኢስተር ሮድ ሰፈር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ሁዳዴውን ጨርሳችሁ ለመፈሰክ የበቃችሁ ሁሉ፣ ዶሮው ይጣፍጣችሁ። በሰው አገር ሆናችሁ ነገ በማለዳ ሥራ የምትገቡም በዓሉ በቤታችሁ ይድመቅ።

ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ የገባሁ ሰሞን አውቶቡስ ላይ «ኢስተር ሮድ» የሚል ጽሑፍ አየሁና፣ ኢስተር በእንግሊዝኛ ፋሲካ አይደል፣ የፋሲካ ጎዳና ያለበት ከተማ ደረስኩ ብዬ ደስ አለኝ። ኋላ እንደተነገረኝ ስሙ ከበዓሉ ጋር አይገናኝም፤ ወደ ሊዝ ወደብ የሚወርደው የምሥራቁ መንገድ ለማለት ነው። እኔ ግን እስከዛሬ የፋሲካ ጎዳና ነው የምለው። ሂበርኒያን፣ በአጭሩ ሂብስ የሚባለው አረንጓዴና ነጭ ለባሹ የእግር ኳስ ክለብ ስታዲየሙ እዚያው ነው። የጨዋታ ቀን ጩኸቱ ቤቴ ድረስ ይመጣል።

ጎረቤቴ አዛውንት ናቸው፤ ደግሞ የሂብስ ሳይሆን የባላንጣው የሃርትስ ደጋፊ። ባለፈው ሳምንት ቡና አፍልቼ ጠርቻቸው ስለ ሁለቱ ክለቦች ስጠይቃቸው ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ አንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። ከውስጡ ክብ ባጅ አወጡ። አረንጓዴው ደብዝዟል፤ መርፌው ዝጓል። የተጻፈበት «እጃችሁን ከሂብስ ላይ አንሡ» የሚል ነው። «ይህቺን ደረቴ ላይ አድርጌ ሥራ የገባሁ ዕለት ታላቅ ወንድሜ ሰላምታ ነሳኝ» አሉኝ። ወንድማቸውም የሃርትስ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1990 የሃርትስ ሊቀመንበር የነበረው ዋላስ ሜርሰር ሂብስን ልግዛ ብሎ ተነሣ። ሂብስ ያን ጊዜ ድርሻው በአክሲዮን ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ሆኖ ነበር፤ ቡና ቤትና ሆቴል እገዛለሁ ብሎ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቋል። ሜርሰር ወደ 6 ሚሊዮን ፓውንድ አቀረበ። አሳቡ በውህደት ከሁለቱ አንድ ትልቅ የኤድንብራ ክለብ መፍጠር ነበር፤ የግላስጎዎቹን ሴልቲክንና ሬንጀርስን የሚገዳደር፣ አውሮፓ ላይም የሚታይ። ሰውዬው ክፉ ነበር ለማለት አልደፍርም። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ሒሳብ ነው፤ ሁለት ግማሽ ከሚሆኑ አንድ ሙሉ ይሁኑ ነው ያለው።

ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ሰው ነው። የሊዝ ሰው አደባባይ ወጣ፤ በየመንገዱ ፊርማ ተሰበሰበ። ኢስተር ሮድ ላይ በተጠራው ትልቅ ስብሰባ የድሮው አጥቂ ጆ ቤከር ወደ ሜዳው ገብቶ ተንበረከከና ሣሩን ሳመ። ይህን ጎረቤቴ ሲነግሩኝ የታየችኝ አያቴ ናት፤ የአራዳ ጊዮርጊስን ደጃፍ ሳትሳለም አታልፍም ነበር። አለ አይደል፣ ሰው የሚሳለመው የራሴ የሚለውን ነው።

እኔን ከሁሉ የነካኝ ግን የጆን ሮበርትሰን ነገር ነው። ሮበርትሰን የሃርትስ አጥቂ ነው፤ በሂብስ ላይ ብቻ 27 ጎል ያገባ፣ የሂብስ ደጋፊ ስሙን ሲሰማ የሚያቃስትለት። እሱም ሂብስ እንዳይጠፋ ፊርማውን አኖረ። ከገዛ ክለቡ ሊቀመንበር በተቃራኒ መቆሙ ነው። ሃያ ሰባቱን ጎል ያገባው በማን ላይ ነበርና!

ሜርሰር ኩባንያውን ለመዝጋት ከአክሲዮኑ ቢያንስ 75 በመቶ ያስፈልገው ነበር። ከ60 በመቶ በላይ ሰበሰበ፤ ከዚያ ግን አላለፈም። የቀሩት ባለድርሻዎች አልሸጥም አሉ፤ ነገሩም በዚያው በጋ ከሸፈ። በመሐል ለሰውዬው ማስፈራሪያ የላኩም ነበሩ። ይህ ነውር ነው፤ ጎረቤቴም ሲያነሡት ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«ውህደት» የሚለው ቃል ለእኛ ለሐበሾች ቀላል ቃል አይደለም። ሰንበት ትምህርት ቤት ስንማር ተዋሕዶ ማለት ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ውላጤ ነው ተብለናል፤ ሳይቀላቀል፣ ሳይለወጥ። ቅዱሱን ነገር ከኳስ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ይቅር በሉኝ። ግን ያ ትምህርት አንድ ነገር ጆሮዬ ላይ ትቶልኛል፤ አንዱ የሚጠፋበትን ነገር ውህደት ብለው ሲጠሩት ይሻክረኛል። ያማ መዋጥ ነው።

እና ደግሞ ሂብስ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1875 የመሠረቱት ከአየርላንድ በድህነት የተሰደዱ፣ ቅዱስ ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን የሚሰበሰቡ ወጣቶች ናቸው። የስኮትላንድ እግር ኳስ ማኅበር መጀመሪያ «ይህ የስኮትላንዳውያን ነው» ብሎ አልቀበልም ብሏቸዋል። የስደተኛ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እናንተ ታውቁታላችሁ። ታዲያ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን የገጠማቸው ማን ይመስላችኋል? ሃርትስ። ቀኑም በፈረንጆቹ የገና ዕለት ነበር፤ ታኅሣሥ 25፣ 1875። ሃርትስ 1 ለ 0 አሸነፈ። ሜዳው ዛሬ ልጆች ብስክሌት የሚነዱበት መናፈሻ ነው፤ ሳልፍበት ቆም እላለሁ። ከ115 ዓመት በኋላ ሊያጠፋው የተነሣው ያው የመጀመሪያ ገጣሚው መሆኑ ነው የሚያሳዝነኝ፤ ሊያተርፉት ከተነሡት መካከልም የዚያው ክለብ ልጆች መኖራቸው ነው የሚያጽናናኝ።

የቀረውን በአጭሩ። በ1991 የሊዙ ተወላጅ ነጋዴ ቶም ፋርመር ክለቡን ገዝቶ አዳነው፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ሂብስ የሊግ ካፕ አነሣ። ሃርትስም ተራው ደርሶ በ2013 በዕዳ ሊፈርስ ሲል ደጋፊው ከኪሱ እያዋጣ አተረፈው፤ ከ2021 ጀምሮም ባለቤቱ ደጋፊው ራሱ ነው። ሁለቱም አሉ። ደርቢ ሲደርስ ከተማው አሁንም ለሁለት ይከፈላል።

የእኛ ቤትም ለሁለት የተከፈለ ነበር። አባዬ የጊዮርጊስ ነው፤ ክለቡ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት የነበረ ይመስል ነው የሚያወራው። በደርግ ጊዜ ስሙ ሲቀየርበት እንኳ «እኔ ጊዮርጊስ ነው የምለው» እያለ ስታዲየም ይገባ እንደነበር ይነግረናል። ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ ደግሞ የቡና። ፋሲካ በመጣ ቁጥር አጎቴ ቡናማ ስካርፉን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ይመጣል። እናቴ ዶሮ ወጡን ስታወጣ እጁን ዘርግቶ «ፈረሰኛውን ለእኔ! ሜዳ ላይ ካልተገኘ እዚህ ልብላው» ይላል። ፈረሰኞቹ የጊዮርጊስ ቅጽል ስም ነዋ! አባዬ ይቆጣል፣ እናቴ ትስቃለች፣ አጎቴ ይበላል። ሌላ ሰው ያንን ብልት ነክቶት አያውቅም።

አጎቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ አባዬ በደወልኩ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «ቡና ስንት ለስንት ወጣ?» ብሎ ነው። የጊዮርጊስን አይጠይቀኝም፤ እሱን ራሱ ያውቃል።

ዛሬ ሌሊት ከቅዳሴ ሲመለሱ ደወልኩ። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ይሰማኛል። ዶሮው እንዴት ነው አልኳት እናቴን። «ጥሩ ነው ልጄ» አለችኝ፤ «ፈረሰኛውን ግን አባትህ አታውጪ ብሎኝ ድስቱ ውስጥ ነው።»