የዓሣ ዘይቱ ጠርሙስ ጀርባ

የምሠራው በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ በሚገኝ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። በዚህ አካባቢ ሐበሻውና ሳልቫዶራዊው ጎን ለጎን ስለሚኖር፣ ቀኑን ሙሉ ከአማርኛ ወደ ስፓኒሽ፣ ከስፓኒሽ ወደ አማርኛ ስመላለስ እውላለሁ። ከስፓኒሽ መጀመሪያ ጆሮዬ ከለመዳቸው አባባሎች አንዱ «ቴንጎ አሱካር» የሚለው ነበር። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሕመሙን ሲናገር «ስኳር አለብኝ» ማለቱ ነው፤ የእናቴ አነጋገር ራሱ።

ባለፈው ጥር ወር ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት የሳልቫዶር እናት በፌስታል የያዙትን መድኃኒት ሁሉ መስኮቱ ላይ ዘረገፉልኝ። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ከሁሉም የሚገዝፍ ደግሞ አንድ የዓሣ ዘይት ጠርሙስ። ሜትፎርሚኑ ከወር በፊት ማለቅ ነበረበት። ስጠይቃቸው፣ እንዲበረክትላቸው ብለው በቀን ሁለቴ የታዘዘላቸውን አንዴ ብቻ እንደሚወስዱ ነገሩኝ። የዓሣ ዘይቱን ግን አንድም ቀን አላጓደሉም። «ይኼ ለስኳሬም ለልቤም ነው» አሉኝ፣ ጠርሙሱን በእጃቸው እየዳበሱ።

ጠርሙሱ ፊት ለፊት በትልቁ «1000 ሚሊግራም» ይላል። ገልብጬ ጀርባውን አሳየኋቸው። ሺህ የተባለው የዘይቱ ጠቅላላ ክብደት ሲሆን፣ ለልብ ይበጃሉ የሚባሉት ኦሜጋ ሦስት የተሰኘው ስብ ሁለት ዓይነቶች፣ ማለትም ኢፒኤ እና ዲኤችኤ፣ በአንዱ እንክብል ውስጥ 180 እና 120 ሚሊግራም ብቻ ናቸው። በድምሩ 300። የቀረው ሌላ ስብ ነው።

ነገሩ የመጠን ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል በሆነ ነበር። ሆኖም በብሪታንያ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው አሴንድ የተባለው ጥናት፣ ስኳር ያለባቸውንና የልብና የደም ሥር ሕመም ያልታወቀባቸውን 15,480 ሰዎች በሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ በየቀኑ 840 ሚሊግራም ኦሜጋ ሦስት፣ ለቀሩት ደግሞ የወይራ ዘይት ሰጥቶ በአማካይ ለ7.4 ዓመት ተከታትሏቸዋል። ከባድ የልብና የደም ሥር ችግር የደረሰባቸው ከዓሣ ዘይት ወሳጆቹ 8.9 በመቶ፣ ከሌሎቹ 9.2 በመቶ ነበሩ፤ ይህ በአጋጣሚ ሊፈጠር ከሚችል ልዩነት አያልፍም። የስኳሩን መጠን በተመለከተም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የ83 ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰበ ግምገማ ኦሜጋ ሦስት እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ እንደማያመጣ አሳይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። የአሴንድ ተሳታፊዎች እጅግ የሚበዙት ነጮች ነበሩ፤ ታዲያ ውጤቱ ለሂስፓኒኮች፣ ማለትም የዘር ሐረጋቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ የላቲን አሜሪካ አገሮች ለሚመዘዝ ሰዎች፣ ይሠራል ወይ? ጥያቄው ከባዶ የመጣ አይደለም። ሰውነታችን ከአትክልት ዘይት ከሚያገኘው አጭር ኦሜጋ ሦስት ረጃጅሞቹን፣ ማለትም ኢፒኤንና ዲኤችኤን፣ በራሱ የመሥራት አቅም አለው፤ ሥራውን የሚመሩት ፋድስ የሚባሉ ጂኖች ናቸው። ከጥንታዊው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ብዙ የዘር ድርሻ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የእነዚህ ጂኖች ዘገምተኛው ዓይነት በጣም የተለመደ በመሆኑ፣ በደማቸው ውስጥ የሚገኘው ረጅም ኦሜጋ ሦስት ዝቅ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ ደግሞ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ የዓሣ ዘይት ለእነርሱ የበለጠ ይጠቅም ይሆናል ብሎ ማሰብ ምክንያት አለው። ነገር ግን ማሰብና ማረጋገጥ ይለያያሉ። 12,536 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ኦሪጂን የተባለው ጥናት ከ40 አገሮች፣ ከላቲን አሜሪካም ጭምር፣ አብዛኞቹ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ሰብስቦ ለግማሾቹ ኦሜጋ ሦስት ሰጥቶ ነበር፤ ትራይግሊሰራይዱ መጠነኛ ቅናሽ ከማሳየቱ በስተቀር በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው ቁጥር አልቀነሰም።

«ሂስፓኒክ» የሚለው ስም ራሱ ብዙ ሕዝብ በአንድ ከረጢት የሚያስገባ ቃል ነው። በብሮንክስ፣ በቺካጎ፣ በማያሚና በሳን ዲየጎ ከ16,000 በላይ ሰዎችን የመረመረው ትልቅ ጥናት፣ ስኳር ያለባቸው ከደቡብ አሜሪካ የመጡት 10.2 በመቶ ሲሆኑ ከሜክሲኮ የመጡት 18.3 በመቶ መሆናቸውን አግኝቷል። የዶሚኒካን ሰው የዘር ሐረግ ከጓቲማላው ሰው ብዙ ስለሚለይ፣ የጂኑን ወሬ ሰምቶ ለሁሉም አንድ ጠርሙስ ማቀበል አግባብ አይመስለኝም።

በሐኪም ትዕዛዝ የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ያለው ኢፒኤ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሪዱስ ኢት በተባለው ጥናት ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ ያለባቸውና የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ 8,179 ሰዎች ተሳትፈው፣ በቀን 4 ግራም የወሰዱት ዘንድ የልብና የደም ሥር አደጋ በ25 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። ለማነጻጸሪያ የተሰጠው የማዕድን ዘይት ራሱ ጉዳት አድርሶ ይሆናል የሚል ክርክር ግን እስካሁን አልበረደም፤ የልብ ምት መዛባትም በወሳጆቹ ላይ በዝቶ ታይቷል። ያንን መጠን ከእኚህ እናት ጠርሙስ ለማግኘት በቀን ከሃያ በላይ እንክብል መዋጥ ያስፈልጋል፤ ማንም እንዲሞክረው አልመክርም። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ትንሹንም ቢሆን ሳያማክር ባይጀምር መልካም ነው።

እኔን ያሳዘነኝ ዘይቱ ከሜትፎርሚኑ ገንዘብ መሻማቱ ነው። የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እንዲህ ያሉት ተጨማሪዎች ጥቅማቸው አስቀድሞ ሳይረጋገጥ እንዲሸጡ ስለሚፈቅድ፣ መደርደሪያው ላይ ከእውነተኛው መድኃኒት አጠገብ ሲቆሙ እኩል ይመስላሉ። ሜትፎርሚኑን እንዳያጓድሉ ለመንኳቸው፤ ከሐኪማቸው ጋር ስለ ትራይግሊሰራይዳቸው እንዲነጋገሩም አንድ ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። ዓሣ ከወደዱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሳይጠበስ፣ ሳርዲንም ቢሆን ይሆናል አልኳቸው። በቲማቲም የተሠራውን ሳርዲን ከቶርቲያ ጋር ልጅ ሆነው ይበሉት እንደነበር ሲያወሩልኝ ፊታቸው በራ።

በየካቲት መጨረሻ ሜትፎርሚናቸውን በቀኑ ሊወስዱ መጡ። በኤል ሳልቫዶር፣ በሳንታ አና ከተማ ለምትኖረው እህታቸው በየገናው የሚልኩትን የዓሣ ዘይት ምን ላድርገው ብለው ጠየቁኝ፤ እኛ ወደ አዲስ አበባ በየሻንጣው የምንጭነው ትዝ አለኝ። እህታቸው የምትወስደውን መድኃኒት በስልክ ጠየቋት፤ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመውም የጠርሙሱን ጀርባ ፎቶ አንስተው ላኩላት።