የገንዳ ላይነር በሜይ አይቀየርም

ይህን የምጽፈው ጓሮው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ያለው ቤት ለገዛችሁ፣ ወይም ለመግዛት ላሰባችሁ ነው። በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ። እኛ ቤታችንን ስንገዛ ስለ ላይነር ቃል የተነፈሰልን ሰው አልነበረም። ኢንስፔክተሩ ጣሪያውን አየ፣ ቤዝመንቱን አየ፣ የመብራት ሳጥኑን ከፍቶ አየ። ገንዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ በተለመደው ምርመራ ውስጥ የለም። ለብቻው ካልተከፈለበት ማንም አያየውም። ይህን የሰማነው ፈርመን ቁልፍ ከተረከብን በኋላ ነው።

ላይነር ማለት ገንዳውን ከውስጥ የሚያለብሰው ቪኒል የሚባል ፕላስቲክ ነው። ውሃውን የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። ከጀርባው ያለው ግድግዳና የወለሉ ልስን ቅርጹን ይይዛሉ እንጂ ውሃ አያግዱም። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚል ነው። አንድ ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ስለሆነ፣ 30 ሚል የሚባለው ወፍራሙ እንኳ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም።

መቼ ይቀየራል ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም "በአሥር ዓመቱ" ይላችኋል። እኔ በዓመት ቁጥር አላምንም። ውሃው በሥርዓት የተያዘለት ላይነር ከአሥር ዓመትም ያልፋል። ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7 በታች ወርዶ የከረመ፣ ወይም ክሎሪን በቀጥታ የሚደፋበት ላይነር ግን በግማሹ ዕድሜ ያልቃል። ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.6፣ ክሎሪኑን ከ1 እስከ 4 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ያዙት። ከዚህ የበለጠ ዕድሜ የሚሰጠው ነገር የለም።

ቀለሙ ስለለቀቀ ብቻ ቀይሩ የሚሏችሁንም አትስሙ። መልኩ ነው የሄደው፣ ውሃ መያዙን አላቆመም። ጠርዙ ከሐዲዱ፣ ማለትም ከሚሰካበት ቦይ፣ ከወጣ ሙቅ ውሃ እያፈሰሱ አለስልሶ መመለስ ይቻላል። ወለሉ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳም ውሃ ውስጥ በሚያጣብቅ ማጣበቂያ ትለጠፋለች። ፓቹን፣ ማለትም የሚለጠፈውን ቁራጭ፣ ስትቆርጡ ማዕዘኑን ክብ አድርጉት፣ ሹል ከሆነ ይላጣል።

ዋናው ጥያቄ ላይነሩ አሁንም ይሳባል ወይስ ደርቋል የሚለው ነው። ይህን ያሳዩኝ ለብዙ ዘመን ገንዳ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አባት ናቸው። የጠራኋቸው ቀጥዬ የምነግራችሁ ጉዳት ከደረሰ፣ አሮጌው ላይነርም ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ነበር። "ና እስቲ ልጄ፣ እጅህን አምጣ" አሉኝ። ከአሮጌው ላይነር ቁራጭ፣ ፀሐይ በሚበዛበት በኩል ከውሃው መስመር በላይ በነበረው ጠርዝ ላይ አውራ ጣቴን አስጫኑኝ። ጤነኛ ላይነር ገባ ብሎ ይመለሳል። የእኛ አልተመለሰም። ጎንበስ ብዬ ሳየው ቀጫጭን ስንጥቆች ተጠላልፈውበት እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዝ ሆኗል። "ይሄ ፓች አይቀበልም። የለጠፍከው ይይዛል፣ አጠገቡ ይቀደዳል" አሉኝ።

ውሃ የሚጠፋባችሁ ከሆነ ደግሞ ኮንትራክተር ከመጥራታችሁ በፊት በባልዲ ፈትሹ። ባልዲውን በገንዳው ውሃ ሙሉና ደረጃው ላይ አስቀምጡት። ከውስጥ የባልዲውን ውሃ፣ ከውጭ የገንዳውን ውሃ ከፍታ ምልክት አድርጉ። ፓምፑን አጥፉና በ24 ሰዓቱ ተመልከቱ። ሁለቱም እኩል ከወረዱ የወሰደው ፀሐይና ነፋስ ነው። ገንዳው ከባልዲው በልጦ ከወረደ ያፈሳል። ከዚያ በስኪመሩ (የውሃውን ገጽ ቆሻሻ በሚስበው ቀዳዳ) አፍ፣ በመብራቱ ዙሪያና በደረጃው ማዕዘን በኩል የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉ። ቀዳዳ ካለ ቀለሙ ወደዚያ ሲሳብ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

እኛ ይህን ፈተና ያደረግነው ሴፕቴምበር ላይ ነው። እንደሚያፈስ አወቅን፣ ካምፓኒ ጠራን። የመጣው ሰው ጥቂት ደቂቃ ዞር ዞር ብሎ አየ። በአውራ ጣቱ አልነካውም። ደረጃው ማዕዘን ላይ አንድ ፓች ለጠፈ። "አንድ ሳመር በደንብ ያደርሳችኋል" ብሎ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ቪኒል በብርድ ይደርቃል። ክረምቱን እንደማያልፍ ከእኔ ይልቅ እሱ ማወቅ ነበረበት። ሥራው ነው።

በጸደይ ሽፋኑን ስንገልጠው ከስኪመሩ ማዕዘን ወደ ታች ተቀዷል። ውሃው ወርዷል። እዚህ አገር ሁሉም ሰው ገንዳውን የሚከፍተው በሜይ መጨረሻ፣ በሜሞሪያል ዴይ ሰሞን ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ ወረፋው አይጣል ነው። ያው ካምፓኒ ግን ቅድመ ክፍያውን እንደተቀበለ ቶሎ መጣ። ደስ አለን። ለካ ቶሎ የመጣው ውሃውን ለመምጠጥ ነበር። ገንዳውን አደረቁ፣ አሮጌውን ላይነር ቆርጠው አወጡ፣ ከዚያ ለኩና ሄዱ። ላይነር ደግሞ ሱቅ ሄደው የሚያነሱት ዕቃ አይደለም። በገንዳው ልክ ፋብሪካ ውስጥ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ባዶውን ገንዳ ታቅፈን ቀረን።

ዝናቡ መጣ።

የዚህ አካባቢ አፈር ብዙ ቦታ ሸክላ ነው፣ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። ገንዳ ሙሉ ሲሆን ውሃው ግድግዳውንና ወለሉን ወደ ውጭ እየገፋ ከአፈሩና ከከርሰ ምድር ውሃው ግፊት ጋር ይመጣጠናል። ባዶ ሲሆን የሚመክተው የለም። ደውዬ "ውሃ ከሥር እየመጣ ነው፣ ፓምፕ አምጡ" አልኳቸው። "ኖርማል ነው" አሉኝ። ደግሜ ስደውል መልእክት ተው የሚል ማሽን ነው ያነሳው። ጥልቁ ጫፍ ላይ ወለሉ መጀመሪያ ላበ። ከዚያ ብቅ አለ፣ ተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ ጭቃ ውሃ ይፈልቅ ጀመር። ረጅሙ ግድግዳ ወደ ውስጥ ሆዱን ነፋ። ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ቆማ ስታይ "ይሄ እኮ ቤታችን ነው" አለች። እስካሁን ያናድደኛል።

በመጨረሻ ሲመጡ ውሉን አወጡ። "የከርሰ ምድር ውሃና የአፈር ሁኔታ አይመለከተንም" ይላል። ለወለሉ ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቁ። ገንዳውን ያደረቀው ማን ሆነና? የዋራንቲ ወረቀቱንም ያኔ ነው መስመር በመስመር ያነበብኩት። ሽፋኑ ላይ 25 ዓመት ይላል። ውስጡ ሲነበብ የሚሸፍነው የስፌቱን መገጣጠሚያ ብቻ ነው። ዋራንቲ ሰጪው የሚከፍለው ድርሻም በየዓመቱ ይቀንሳል። የእጅ ሥራ፣ ቀለም መልቀቅ፣ መጨማደድ አይሸፈንም። 25 የሚለውን ቁጥር አይታችሁ ዋጋ አትጨምሩ።

ያኔ ነው እኚያን አባት የጠራኋቸው። ወለሉን አብረን ሠራነው። ጥልቁ ጫፍ ላይ ጉድጓድ ቆፍረን ፓምፕ አስገባን፣ ውሃው ወረደ። ካበጠው ግድግዳ ጀርባ አፈሩን አውጥተን መለስነው። ወለሉን በቨርሚኩላይት (ቀላል የማዕድን ጠጠር) እና በሲሚንቶ ለሰንነው። በዚያ ወለል እኮራለሁ። የቀረው ቀላል ነበር፦ ላይነሩ ተሰቀለ፣ በቫኪዩም ከጀርባው አየሩ ተሳበ፣ ግድግዳው ላይ ልጥፍ አለ፣ ውሃ ተሞላ።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ኦገስት መጨረሻ ላይ በአውራ ጣታችሁ ፈትሹ። ደርቆ ከሆነ ያኔውኑ ወስኑ፣ ሴፕቴምበር ላይ ይቀየር። "ቪኒል የሚለጠጠው በሙቀት ነው፣ ሳመሩን ጠብቁ" ይሏችኋል። የሜሪላንድ ሴፕቴምበር ይበቃዋል፣ ሠራተኞቹም ያን ጊዜ አይጣደፉም። ልኬቱ ውሃው እያለ ይወሰድ፣ ይቻላል። አዲሱ ላይነር ግቢያችሁ ደርሶ ሳጥኑ ላይ ያለው ልክ ከውላችሁ ጋር እስኪመሳከር ድረስ ማንም ሰው አንዲት ባልዲ ውሃ እንዳያወጣ። ዝናብ ከተተነበየ ቀኑን አዛውሩ። ገንዳው ባዶ እያለ ለሚደርሰው ጉዳት ማን እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ይግባ። አልፈርምም ያለ ይሂድ፣ ሌላ ፈልጉ።

ቤት ልትገዙ የምትሄዱ ደግሞ የላይነሩን ደረሰኝ ከሻጩ ጠይቁ። ገንዳው በሽፋን ተከድኖ ከሆነ ጠርዙን ገልጣችሁ ተጫኑት። ካልተመለሰ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የአዲስ ላይነር ሙሉ ዋጋ ከቤቱ ላይ ይቀነስ።