ነጠላው ላይ ያረፈው ጥላሸት

ቡሬ አካባቢ ላለ አንድ ፋብሪካ የአየር ብክለት ጥናት ስሠራ ነው። ቦይለሩ የሚያነደው ድንጋይ ከሰል ነው። የጭስ ማውጫው ቁመት 14 ሜትር። የዓመት የንፋስ መረጃ፣ የጭሱን ሙቀትና ፍጥነት፣ የሚወጣውን የብናኝ መጠን፣ የመሬቱን ከፍታ ኤርሞድ በሚባለው የጭስ ስርጭት የሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ላይ አስገባሁ። ካርታው ላይ ጭሱ ከፍ ብሎ ሄዶ ራቅ ያለ ማሳ ላይ ያርፋል። አጥሩ አካባቢ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ሪፖርቱ ተጻፈ።

ከማስረከቤ በፊት ግቢውን ልየው ብዬ ሄድኩ። ከአጥሩ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት እናት ቡና ጠጣ ብለው ጠሩኝ።

«ጭሱ ያስቸግርዎታል እማማ?»

«ና እስቲ ልጄ፣ ራስህ እይ።»

ከጓዳ ነጠላ አወጡ። ነጭ ነው፤ ጥለቱ አጠገብ ግን ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። በጣቴ ነካ ሳደርገው ተለቀለቀ።

«አጥቤ ያሰጣሁ ዕለት ነው። አሁንማ ገመዱን እቤት ውስጥ አስሬዋለሁ።»

ወጥቼ ቀና አልኩ። ጭሱ ወደ ላይ አይሄድም። ከመጋዘኑ ጀርባ ዝቅ ብሎ ወደ እማማ ደጅ ይወርዳል። መጋዘኑ 10 ሜትር ነው። እኔ ሞዴሉ ውስጥ አላስገባሁትም። ፕላኑን ጠይቄ ሲያጉላሉኝ ይቅር ብዬ አለፍኩት። ኤርሞድ ደግሞ ሕንጻ ካልሰጡት ሕንጻ የሌለበት ቦታ ነው ብሎ ያሰላል። የጭስ ማውጫ ከጎኑ ካለው ሕንጻ 2.5 እጥፍ ካልረዘመ፣ ሕንጻውን አልፎ የሚታጠፈው ንፋስ ጭሱን ይዞት ሊወርድ ይችላል። እዚህ 25 ሜትር ያስፈልግ ነበር። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

መጋዘኑን በሜትር ለክቼ ሞዴሉን እንደገና አስኬድኩት። ከፍተኛው ክምችት ማሳውን ትቶ አጥሩ ሥር መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለደቃቅ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ ያስቀመጠው ጣሪያ 15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው። እማማ ደጅ ላይ ከዚያ በጣም በለጠ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን አያቸው።

«የመጀመሪያው ጥሩ ነበር እኮ። እሱን አስገባልን።»

«እሱ ስህተት ነው።»

«ስህተት መሆኑን ማን ያውቃል?»

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። መልስ አጥቼ አልነበረም ዝም ያልኩት፤ የምመልሰው በዝቶብኝ ነው። በመጨረሻ «ከአጥሩ ጀርባ ያሉት እናት ያውቃሉ» አልኩት።

ያስገባሁት ሁለተኛውን ነው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ጭስ ማውጫው ላይ 6 ሜትር ተቀጠለ። ባለፈው ጥር በዚያ ሳልፍ እማማ ቤት ጎራ አልኩ። ገመዱ አሁንም እቤት ውስጥ ነው።