«በሆድሽ መልሺ»፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቦስተን

ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የወጣነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። አክስቴ፣ እቴቴ የምላት፣ አውሮፕላን እምቢ አለች። «ጭንቅላቴ ውስጥ ዕጢ ይዤ ሰማይ አልወጣም» ስትል ማን ይከራከራታል? ወደ 700 ኪሎ ሜትር ነው፣ በኢንተርስቴት 95 ሽቅብ። ኒው ጀርሲ ላይ ነዳጅ ልቀዳ ብወርድ ሠራተኛው ከለከለኝ። ለካ እዚያ ራስህ መቅዳት በሕግ አይፈቀድም። እቴቴ በመስኮት እያየች ሳቀችብኝ።

ቀጠሯችን ቦስተን፣ ሎንግውድ ነው፤ ሰፈሩ ሆስፒታል በሆስፒታል ነው። ይዘን የሄድነው የምስል ሲዲ ግን አልጠቀመንም። ኤምአርአይ አንጎልን እንደ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ የሚያሳይ የማግኔት ምስል ነው፤ እቴቴ ቤታችን አጠገብ የተነሳችው እያንዳንዱ ቁራጭ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ለቀዶ ሕክምና ዕቅድ የሚፈለገው 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቀድሞ የነገረን የለም። እንደገና ትነሳ ተባለ።

ዕጢው በግራ በኩል፣ ከንግግር ቦታ አጠገብ ነው። ቦታውን በትክክል ለማግኘት ማሽኑ ውስጥ ተኝታ፣ ቃል ሲጠራላት ተቃራኒውን ማሰብ አለባት። የሚሠራው የአንጎል ክፍል ብዙ ደም ስለሚስብ ምስሉ ላይ ይታያል። ችግሩ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። እቴቴ ስንት ዓመት አሜሪካ ብትኖርም የምትቆጣውም የምትጸልየውም በአማርኛ ነው። ይህን ስነግራት ባለሙያዋ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦ ረጅም፣ ሙቅ፣ ደግ፣ ሩቅ። ከዚያ በማይክሮፎን አነበብኩላት።

«እቴቴ፣ አፍሽን እንዳታንቀሳቅሺ። በሆድሽ መልሺ።»

በማግስቱ ሐኪሙ ስክሪኑን አዞረልን። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ (ኤአይ) ዕጢውን በአንድ ቀለም፣ ዙሪያውን ያበጠውን በሌላ ቀለም ለይቶታል። በእጅ ቁራጭ በቁራጭ ሲሰመር ሰዓታት የሚፈጀው ሥራ በደቂቃዎች አልቋል። ኮምፒውተሩ ይህን የሚማረው ሐኪሞች ካሰመሯቸው ምስሎች ነው፤ ብራትስ የሚባል የዚሁ ሥራ ውድድርም ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ቀጥሎ የነርቭ ክሮቹ መጡ። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱት አረንጓዴ፣ ከላይ ወደ ታች ሰማያዊ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀይ።

«ጥለት ይመስላል» አለች እቴቴ። ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ያልፈራችው።

ቦስተን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ስላይሰር የሚባለውን የሕክምና ምስል ማያ ፕሮግራም ብሪገም ሆስፒታልና ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት እዚሁ፣ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ ማንም ሰው በነጻ ያወርደዋል። እኔም ማታ ሆቴል ገብቼ አወረድኩት። ምኑም አልገባኝም።

በኤአይ ቶሎ የምደነቅ ሰው ነኝ። ሐኪሙ ግን አቀዘቀዘኝ። መጀመሪያ፣ ኮምፒውተሩ ከዕጢው ጋር አንድ የደም ሥር ደርቦ ቀብቶ ነበር፤ እያየን በማውሱ አጠፋው። ሁለተኛ፣ የራስ ቅል ሲከፈት ፈሳሽ ይወጣል፣ አንጎልም ከቦታው ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴ ከ1 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ያኔ ያ ሁሉ ቀለም የትናንት ካርታ ይሆናል። ስለዚህ መሃል ላይ በአልትራሳውንድ እንደገና ያያሉ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ቡናዬን ሦስቴ አቀዘቀዝኩት። ሲመሽ አስገቡኝ። ጭንቅላቷ ተጠቅልሏል፣ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቷል። ጎንበስ ብዬ «ረጅም» አልኳት።

ዝም። ልቤ ቀጥ አለ።

«አንተ፣ አሁንም ፈተና ነው? ውሃ አምጣልኝ።»