«ስንጠፋ አይገድህምን?» ብለን ነበር

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ስም ይባረክ። ዛሬም ሳነሣው ድምፄ ይርዳል።

ኦክቶበር 9 ቀን 2018 ሌሊት ሃሪኬን ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ ወደ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ሲገሰግስ የጸሎት መስመራችን ስልክ አልተዘጋም። ባሕሩ ዳር ካለው ከቲንደል የአየር ኃይል ሰፈር አብዛኛው ሰው ቢወጣም፣ 93 ሰዎች ሰፈሩን ሊጠብቁ ቀርተው ነበር። አዲስ መረጃ በመጣ ቁጥር የአውሎው የአየር ግፊት ወርዷል፤ ያ ማለት ነፋሱ ብሷል ማለት ነው። የሕንጻ ሥራ ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ባለ ሌሊት መጸለይ ይከብዳል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። ሃንጋር፣ ማለትም የአውሮፕላን ማቆያ አዳራሽ፣ ደግሞ የሚሸነፈው በበሩ በኩል ነው። ትልቁ በር ሲበረገድ ነፋሱ ይገባና ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በላይ የሚያልፈው ደግሞ ይስበዋል። ቆርቆሮው የሚጀምረው ከጥግ ነው፤ አንዱ ብሎን ሲነቀል ሸክሙ ወደ ሚቀጥለው ይዞራል፣ ከዚያ እንደ ስፌት ይተረተራል። ከዚያ ጣሪያ ሥር ሰው አለ!

«መምህር ሆይ፥ ስንጠፋ አይገድህምን?» ደቀ መዛሙርቱ የኔኑ ነበር የተናገሩት። እውነቱን ልናገር፣ ጌታን ተቆጥቼው ነበር። አፌ ልመና አልወጣውም፤ ክስ እንጂ። ስልኩን ይዘው ሳይተኙ ያነጉትን እናቶች ጌታ ይባርካቸው! እኔ ዝም ስል እነሱ «አንተ ዝም በል ያልከው ባሕር ነው» ይሉ ነበር።

በማግስቱ ቀትር ላይ በሰዓት 160 ማይል እየነፈሰ ገባ። ስልክም መብራትም ጠፋ። ከሁሉ የባሰው የባሕር ሙላት ከአውሎው ማዕከል በስተቀኝ፣ ሜክሲኮ ቢች በምትባለው የፍሎሪዳ ከተማ ላይ ነበር። ወደብ ላይ ሙላት ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል፦ ተንሳፋፊው የጀልባ ማቆሚያ ከውሃው ጋር ይነሣል፤ ምሰሶው አጭር ከሆነ ከአናቱ ያልፍና ይሄዳል። ጨዋማ ውሃ የገባበት ብሬከር (የመብራት ማቋረጫ) ደርቆ ደህና ቢመስልም ተነቅሎ በአዲስ ካልተተካ ውስጡ ተበልቶ ኋላ እሳት ያስነሣል። እያወቅሁ መጠበቅ!

የአየር ኃይሉ ሰፈር ውስጥ ያልተጎዳ ሕንጻ አልነበረም፤ 484ቱ ወይ ፈርሰዋል ወይ ከጥገና በላይ ሆነዋል። መልሶ ግንባታው ዓመታት ፈጀ፤ አዲሶቹ በሰዓት 165 ማይል የሚነፍስ ነፋስ እንዲችሉ ተደርገው ነው የታነጹት።

ወሬው የደረሰን ዕለት መስመሩ ላይ ጸጥታ ሆነ። ከእናቶቹ አንዷ፣ «ሁሉም ተርፈዋል?» አሉ።

«ሁሉም፣ እማማ። 93ቱም።»

እልልታው ስልኩን አንጫጫው።